የጋሼ ምንሽርና የእኔ ካቻቢቴ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዳችሁ የተቀመጣችሁበት ወንበር ቢነቃነቅ ምን ታደርጋላችሁ? ጨዋ ከሆናችሁ ክብደታችሁን ወደ ደህናው እግር አዙራችሁ፣ የቀረበላችሁን ቀማምሳችሁ፣ አመስግናችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ግን አልችልም። ወንበሩን ገልብጬ ብሎኑን ካላየሁ የበላሁት አይወርድልኝም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አግዳሚ ገልብጬ ከሥሩ ስመረምር የሟች ወንድም ደረሰብኝና፣ «የጠፋብህ ነገር አለ?» ብሎ በሐዘን ድምፅ ጠየቀኝ። «ብሎኑ ላልቷል» አልኩት። ሰውየው ለቅሶውን አቋርጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል።

ይህ አመል ከየት እንደያዘኝ አላውቅም። ከሥራዬ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። የምሠራው ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ብሎን የለውም። ምናልባት ስምንት ሰዓት ሙሉ ብሎን ሳላይ መዋሌ ይሆናል ቤቴ ስገባ እጄን የሚያሳክከኝ። ካገባሁ ወዲህ ብቻ የነካኋቸውን ልንገራችሁ። የግድግዳ ሰዓታችን አሁን የሚሠራው በጀርባው ሲተኛ ብቻ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ እንግዳ ጠረጴዛው ላይ ማጎንበስ አለበት። ሬዲዮናችን አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፣ እሱንም አንድ ሰው አንቴናውን ጨብጦ ከቆመ ነው። የልብስ ስፌት መኪናችን ወደ ኋላ ብቻ ይሰፋል። ባለቤቴ እታፈራሁ ምን ታድርግ፣ ወደ ኋላ መስፋት ለመደች።

ካቻቢቴዬን መደበቅ ግን አልተወችም። ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቃው አግኝቼዋለሁ። ጣሪያና ግድግዳው መሃል ሰክታው አግኝቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ትራስ ውስጥ ከትታ ሰፍታበት ነበር፤ ስፌቱ ወደ ኋላ የሄደ ስለነበር የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የእታፈራሁ አባት ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በቴፒ መንገድ ላይ ባለ አንድ የቡና እርሻ ጥበቃ ናቸው። ሥራቸው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ከዝንጀሮ፣ ከጦጣና ከሰው መጠበቅ ነው። ለዚህም ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር አለ። ምንሽሩ በዕድሜ ከጋሼ ይበልጣል፤ ሰደፉ ላይ እጃቸው ያረፈበት ቦታ ብቻ ጠቁሮ ያበራል። ጋሼ ይህን ጠመንጃ ይዘው ሰው ላይ አነጣጥረው አያውቁም። ወደ ሰማይ ተኩሰው ዝንጀሮ ሲያባርሩ ግን የዝንጀሮዎቹ አለቃ ዞሮ አይቷቸው ነው የሚሄደው ይባላል። ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

እኔን በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «የመዝገብ ቤቱ» ነው የሚሉኝ። «የመዝገብ ቤቱ ደህና ነው?» ይላሉ ለልጃቸው፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። ስድብ እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ሰውን የሚመዝኑት በያዘው ነገር ነው፤ እኔ የያዝኩት ደግሞ የወረቀት መብሻ ነው።

ያን ዓመት መስከረም ላይ፣ የቡና ለቀማ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ሁለት ነገር ተደራረበባቸው። አንደኛው፣ መሣሪያ ያለው ሁሉ ወደ ፖሊስ ግቢ አምጥቶ ያስፈትሽ፣ ፈቃዱን ያሳድስ ተባለ፤ ቀኑም አርብ ያበቃል። የእርሻው ባለቤት ደግሞ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ የያዘ ጥበቃ እንደማያሠራ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሁለተኛው፣ በዚያው ሳምንት አማን ሆስፒታል የዓይናቸውን ሞራ ሊገፈፉ ቀጠሮ ነበራቸው። ይህን ቀጠሮ ለማግኘት ብዙ ጠብቀዋል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ምንሽሩን አንግተው፣ ቀበሌ ማህተም የመታበት የውክልና ወረቀት ይዘው ቤታችን መጡ። ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም ነበር። ጋሼ ስሜን እንደሚያውቁት ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

«አርብ ጠዋት ወስደህ ታሳያለህ» አሉኝ። «ባዶ ነው፤ ጥይቱ ዝናሬ ውስጥ ነው፣ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ይፈትሹታል፣ ማህተም ይመቱልሃል፣ ታመጣዋለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

«አትንካው።»

«ሳልነካው እንዴት እወስደዋለሁ?»

«ማንገቻውን ይዘህ» አሉና ዝናራቸውን አስተካክለው ወደ አማን ሄዱ።

ሰኞን በሰላም አደርኩ። ማክሰኞ ከሥራ መልስ ግን ምንሽሩን ከተደገፈበት ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ላዛውር አልኩ። ለምን እንዳትሉኝ። ማንገቻውን ብቻ ይዤ አነሳሁት፤ ከሆዱ አካባቢ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ተነቃነቀ። ገለበጥኩት። ከሥሩ ሁለት ብሎኖች አሉ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከምላጩ በስተኋላ። ብረቱንና እንጨቱን አንድ ላይ የሚይዙት እነሱ ናቸው። የኋለኛው ላልቷል። በጣትም ይዞራል።

እኔም አሰብኩ። አሳቤ ደግሞ ያን ጊዜ በጣም ትክክለኛ ይመስለኝ ነበር። እኚህ ሽማግሌ ዓይናቸው ስላላየላቸው ነው እንጂ ብሎኑን ባጠበቁት ነበር። ፖሊስ ሲፈትሽ ቢነቃነቅበትስ? ጋሼ ከሥራ ቢወጡስ? ስለዚህ የምነካው ለእሳቸው ብዬ ነው። ካቻቢቴውን ከጤፍ በርሜል ውስጥ አውጥቼ በረንዳው ላይ ጆንያ አነጠፍኩ። እታፈራሁ ገበያ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ ብስክሌቴ መናገር አለብኝ። ከእሁድ ጀምሮ በረንዳው ላይ ተፈታትታ ተኝታለች። ከማንም ጋር ሳትጣላ የኋላ ጎማዋ ትንሽ ስለተንቀጠቀጠ ነው የፈታኋት። ምንሽሩን የፈታሁት እሷ አጠገብ ነው። የኋላውን ብሎን ሳወጣ ከእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ የትንሽ ጣቴን ጥፍር የምታህል የብረት ቱቦ ሳላስተውል ጆንያው ላይ ወደቀች፤ ተንከባልላም ከብስክሌቱ ዕቃዎች ጋር ተቀላቀለች። በኋላ አየኋት። የብስክሌቱ ናት አልኩ። ከብስክሌቱ ዕቃ ሁሉ ሞክሬ የምትገባበት ሳጣ ደግሞ ትርፍ ናት አልኩ። እንዳትጠፋ ብዬ ከቁልፎቼ ጋር በአንድ ቀለበት አስገባኋት። ቁልፉን ሳዞረው ቅጭል ቅጭል የሚል ደስ የሚል ድምፅ ታሰማለች። እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔ ግን እስከ አርብ ድረስ አልገባኝም፤ እባካችሁ ታገሱኝ።

ብረቱን ከፈታሁ አይቀር ልወልውለው ብዬ ዘይት ፈለግኩ። የስፌት መኪናውን ዘይት እታፈራሁ ከእኔ ደብቃዋለች። ማጀት ገብቼ ያገኘሁት ቅቤ ነው። ቅቤም ያው ቅባት ነው አልኩና ከውስጥም ከውጭም አዳረስኩት። ከዚያ ገጣጥሜ ብሎኖቹን መለስኩና ኃይሌ እስኪያልቅ ድረስ አጠበቅኳቸው። አሁን ቢወረውሩትም አይነቃነቅም። ኮራሁ። ጥይት የሚያጎርሰውን ቃታ ወደ ኋላ ሳብኩና ወደፊት ስገፋው መንገድ ላይ ተቸክሎ ቀረ።

የፊትና የኋላ ብሎን ርዝመታቸው ይለያያል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ስላስገባሁት ጫፉ ወደ ውስጥ ወጥቶ የቃታውን መንገድ ዘግቷል። ፈትቼ አለዋወጥኳቸውና እንደገና አጠበቅኩ። ቃታው ሄደ። እግረ መንገዴን መጠበቂያዋንም ልሞክር አልኩ። መጠበቂያ የምላችሁ ከቃታው በስተኋላ እንደ ጆሮ ቆማ ወደ ግራና ቀኝ የምትዞር ትንሽ ብረት ናት፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ምላጩ ቢሳብም ጠመንጃው መተኮስ የለበትም። ለማዞር ሞከርኩ፤ አልዞር አለች። ብሎኑን ትንሽ አላላሁ። ዞረች። ምላጩን ሳብኩ።

«ቀጭ» አለ።

ባዶ መሆኑን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ግን አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እንደገና አጠበቅኩ፤ መጠበቂያዋ አልዞርም አለች። አላላሁ፤ ዞረች፣ ግን አትጠብቅም። በመሃል ያለውን ቦታ ፍለጋ ሩብ ዙር ወደዚህ፣ ሩብ ዙር ወደዚያ ስል እታፈራሁ ከገበያ ገባች። ዘንቢሏን አስቀመጠች። ምንሽሩን አየች፣ ብስክሌቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አባዬ ምን ነበር ያሉህ?»

«አትንካው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እሺ ጋሼ አልኩ።»

ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ዘንቢሉን አንስታ ገባች፤ ማጀት ውስጥ የቅቤ ዕቃው ክዳን ሲከፈት ሰማሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ረቡዕ ጎረቤታችንን አስር አለቃ መኮንንን ጠራሁ። ጡረተኛ ወታደር ናቸው፤ የማያውቁት መሣሪያ የለም ይባላል። ምንሽሩን ተቀብለው መጀመሪያ አሸተቱት። ቀና ብለው አዩኝ። ቀጥለው ትከሻቸው ላይ አድርገው በግቢው ርዝመት ሄደው ተመለሱ። ይህ ለምርመራው ምን እንደጠቀመ አላውቅም። በመጨረሻ፣ «ሮንዴላ ነው የሚጎድለው» አሉ። ሮንዴላ ስላልነበረ የለስላሳ ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፈን በምስማር በሳንና ከብሎኑ ሥር አደረግነው። መጠበቂያዋን አዞሩ፣ ምላጩን ሳቡ። ዝም አለ። ተቃቀፍን። ለማረጋገጥ ደግመው ሳቡ። «ቀጭ።» አሥር ጊዜ ሞከሩት፤ ስድስቱን ያዘ፣ አራቱን ለቀቀ።

«ስድስት ከአሥር ጥሩ ነው» አሉኝ። «ተማሪ ቢሆን ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።»

ሐሙስ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ እግሬን ጉንዳን ነከሰኝ። ከበሩ ሥር ተነስቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ አልጋ ሥር ወደተኛው ምንሽር አፈሙዝ የሚገባ ጥቁር መስመር ነበር። ገቢና ወጪው መንገዱን ለይቶ ይጓዛል። የሚዛን ጉንዳን ጣፋጭና ቅባት ካሸተተ የማይደርስበት ቦታ የለም። የእታፈራሁ ቅቤ ደግሞ ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሰልፉን ስታይ ቆየችና፣ «ከአዲስ ዓመት ያስተረፍኩት ነበር» አለች። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬን ከዚያ እርሻ ካወጧቸው ቤት ውስጥ ቁጭ አይሉም። ይሞቱብኛል።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው። ለመሥሪያ ቤቴ አሞኛል ብዬ አስነገርኩ፤ ውሸትም አልነበረም።

ምንሽሩን በጆንያና በሰሌን ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መጠቅለሌ ከአፍረት ነው፤ ከተማው ውስጥ ጋሼን የማያውቅ የለም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጥቅሉን ዳበስ አደረጉና፣ «ሸንኮራው የት ተገኘ ልጄ?» አሉኝ። «ከቴፒ» አልኩ። «ቀጭን ነው» ብለው አዘኑልኝ።

የሄድኩት ጴጥሮስ ጋ ነው። ጴጥሮስ የቤንች ሰው ነው፤ የቡና መፈልፈያ ማሽን በመጠገን የሚስተካከለው የለም። ከዞን ኃላፊ እስከ ተሸካሚ ሁሉንም እኩል አንተ ይላል፣ ማንም ተቀይሞት አያውቅም። ጠመንጃ አልጠግንም ብሎኝ ነበር። የጋሽ ደምሴ መሆኑን ስነግረው ሰሌኑን ራሱ ፈታ። መጀመሪያ ጉንዳኑን በቤንዚን አጠበ። ቅቤውንም አጠበ፤ ሽታው ግን አልሄደም።

ብሎኑን አውጥቶ ቀዳዳውን በአንድ ዓይኑ ለረጅም ጊዜ አየ። እኔ በጭንቀት ቁልፌን ጣቴ ላይ እያዞርኩ እጠብቃለሁ። ቅጭል ቅጭል ይላል።

«ያን ቁልፍ አስቀምጥ፣ ረበሸኝ» አለ። «ና እይ። እዚህ እንጨቱ ውስጥ ዝገቱ ክብ ሠርቷል። ቱቦ ነበር እዚህ።»

«አልነበረም።»

«ነበር። አንተ ብሎን ታጠብቃለህ፣ እንጨት ይጨመቃል። እንጨት ሲጨመቅ ከታች ያለው ብረት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ምላጩን ይገፋል። ምላጭ ከተገፋ መጠበቂያ ምን ይይዛል? ቱቦው ያለው ብረቱ ከልኩ እንዳያልፍ ነው። መፈልፈያም ላይ እንዲህ ያለ አለ። ቱቦው የት ሄደ?»

«ጴጥሮስ፣ በእናቴ እምላለሁ፣ ከዚህ ጠመንጃ ውስጥ ምንም አልወደቀም» አልኩ ቁልፌን ወደ ሰማይ እያነሳሁ። ቅጭል አለ።

እንግዲያው ሌላ ቱቦ ቆርጦ ይሠራልኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። መብራት ግን ከትናንት ጀምሮ የለም፣ ብረት የሚቆርጥበት ቶርኖ ቆሟል። ቅዳሜ ና አለኝ። ፍተሻው ነገ ያበቃል አልኩት። ቆርኪውን መልሶ በስሱ አሠረልኝና ምንሽሩን በክብር፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ለሽማግሌው ተናገር» አለ። «ብረት ሊጠፋ ይችላል። ደብቀህ ከቆየህ ግን እሱ ሌላ ነው።»

አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከአማን ለእታፈራሁ ደወሉ። ዓይናቸው መሠራቱን፣ ደህና መሆናቸውን ነገሯት። እታፈራሁ ስልኩን ይዛ ወደ እኔ እያየች፣ «ምንም የለም አባዬ» አለች። «ምንም። ምንም የለም።»

አርብ ጠዋት ፖሊስ ግቢ ስደርስ አርባ ያህል ሰው ተሰልፏል። ከሸኮ የመጣ አለ፣ ከቱም የመጣ አለ፣ የሁሉም መሣሪያ እንደ ጋሼ ምንሽር ሽማግሌ ነው። የሚፈትሹት ሃምሳ አለቃ አሠራራቸው አጭር ነበር። ባዶ መሆኑን ያያሉ፣ መጠበቂያውን ያዞራሉ፣ ምላጩን ይስባሉ። ዝም ካለ አልፏል። ቀጭ ካለ ይያዛል፤ ተሠርቶ እስኪታይ ድረስ ግምጃ ቤት ይገባል። ግምጃ ቤት የገባ ነገር መቼ እንደሚወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ለቀማው አልቆ ቡናው ተሸጦም አይወጣም።

ተራዬ ደረሰ። ሃምሳ አለቃው ምንሽሩን ወደ ፊታቸው ሲያቀርቡ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። እንደገና አሸተቱ።

«ይሄ ነገር ወጥ ወጥ ይላል» አሉ።

ሰልፉ ሳቀ። ቃታውን ሲስቡት አንዲት ከጴጥሮስ ቤንዚን ያመለጠች ጉንዳን ወጥታ እጃቸው ላይ ሄደች። ሰልፉ ባሰበት። ሃምሳ አለቃው አልሳቁም። መጠበቂያዋን አዞሩ። እኔ በልቤ ስድስት ከአሥር፣ ስድስት ከአሥር እላለሁ። ምላጩን ሳቡ።

«ቀጭ።»

«ይያዛል» ብለው ብዕራቸውን አነሱ። እጄ ሥራ ፈልጎ ቁልፌን ያዞር ጀመር። ቅጭል ቅጭል፣ ቅጭል ቅጭል።

«ያ ድምፅ ምንድን ነው?» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ጋሼ ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፣ በግራ እጃቸው ከዘራ ይዘዋል። ልጃቸው ሦስት ጊዜ ምንም የለም ስላለቻቸው በጠዋት ባጃጅ ተሳፍረው መጥተዋል።

«አምጣው» አሉኝና እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፌን ሰጠኋቸው። አላዩትም። በጣታቸው ብቻ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሳልፈው ቱቦዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በአውራ ጣታቸው አንከባለሏት። አሥራ አንድ ዓመት ሳውቃቸው ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን አላየሁም። የተናደዱ አልመሰሉኝም፤ በጣም የደከማቸው መሰለኝ።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ፣ «ዕቃው የእኔ ነው። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰንጢያቸውን አውጥተው ብሎኖቹን ፈቱ። ቆርኪው ወጣ። ወደ ደህናው ዓይናቸው አቅርበው አዩት፣ የምን ለስላሳ ቆርኪ እንደሆነ ያነበቡ ይመስለኛል፣ ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። ቱቦዋን ቦታዋ መለሱ። የፊቱን ብሎን አስቀድመው አሠሩ፣ ቀጥሎ የኋላውን። የኋላውን እስከ መጨረሻው ካጠበቁት በኋላ ደግሞ ትንሽ መለሱት። አርባ ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል።

ሃምሳ አለቃው መጠበቂያዋን አዞሩ፣ ምላጩን ሳቡ። ዝም። ደገሙ። ዝም። ብዙ ጊዜ ደጋገሙት፤ ምንሽሩ ምንም አልተነፈሰም። ማህተሙን አነሱና፣ ሳይመቱ ቆም ብለው፣ «ለመሆኑ ቅቤውን የቀባው ማን ነው?» አሉ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ቢያንስ የከፈትኩ ይመስለኛል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። «ዓይኔ አያይም፣ ዘይት መስሎኝ።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ከቱም የመጣው ሰውዬ ጉልበቱን ይመታል። ጋሽ ደምሴ ላይ እንዲህ ሲሳቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፋሻቸውን አስተካክለው፣ ሳቁ እስኪያልቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። ማህተሙ ተመታ። እኔ መሬት ብትከፈት ምን ነበረበት እያልኩ ጫማዬን አያለሁ።

ከግቢው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉ? እኔ ነኝ የቀባሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይሳቁብዎ?»

«አንተ ሰኞ ቢሮ ትገባለህ» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ፋይል ፍለጋ አንተ ጋ ይመጣሉ። እኔ ጫካ ነው የምገባው። ዝንጀሮ በቅቤ አይስቅብኝም።»

ዓይኔን ዕንባ ሞላው፣ ለማንም አልነገርኩም፣ አሁን ለእናንተ ነገርኩ። ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «ብሎኑ ላልቶ ነበር እኮ ጋሼ፣ እኔ በደግ አስቤ ነው» አልኩ።

«ያላላሁት እኔ ነኝ። የኛ አገር እንጨት በዝናብ ያብጣል። ክረምት ሲገባ ትንሽ ትለቅለታለህ፤ ጥር ላይ፣ ሲደርቅ፣ መልሰህ ትይዘዋለህ። አባቴም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው።» ጥቂት ተራመዱ። «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ፋሻው እስኪነሳ ሳምንት እኛ ጋ ቆዩ። እኔ ብስክሌቴን ገጣጠምኩ፤ ምንም ትርፍ ዕቃ አልወጣትም። እታፈራሁ ምንም ሳልጠይቃት ካቻቢቴውን በግልጽ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። አልነካሁትም።

ቴፒ የሚሄዱ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ምንሽሩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ በማንገቻው። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው አንዲት የተተኮሰች ጥይት ቀለህ አወጡ። ጫፏ ላይ ቀዳዳ በስተውባታል፣ የቁልፍ ቀለበት ውስጥ እንድትገባ።

«የሚንቃጨል ነገር ካማረህ ይችን ያዝ» አሉኝ። «ይቺ ከየትም የጎደለች አይደለችም።» ከዚያ በስሜ ጠሩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ እንደሚያነብ ሰው። ምንሽራቸውን ተቀብለው ገቡ።

ረዳቱ በሩን ሳበ። በሩ አልዘጋ ብሎ ተንጠለጠለ፤ ደግሞ ሳበው። የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ግማሽ መንገድ ወጥቶ ይታየኛል፣ አንድ ዙር ተኩል ቢበዛ ነው የሚፈልገው። ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ቀለሁን ጨብጬ፣ ሚኒባሱ አስፋልቱን ይዞ እስኪሰወር ድረስ እዚያው ቆምኩ።